ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ ለማን ነው የሚያሞቀው?

አዲስ አበባ በሙቅ ውሃ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ፣ ዛሬ ታክሲ የምንሰለፍበት ሜክሲኮም ሆነ ቡና የምንጠጣበት ቦሌ ምን ይመስሉ እንደነበር እንጃ። ያን ውሃ የሚያሞቀው መሬቱ ራሱ ነው። ቆጣሪ የለው፣ ካርድ አይሞላለት፣ መብራት ሄደ ብሎ አይቀዘቅዝ።

እኛ የፍልውሃ ልጆች ግን ውሃችንን በኤሌክትሪክ እናሞቃለን፤ እሱም ባለፉት ጥቂት ዓመታት እየተወደደ ነው። ባለፈው ሰሞን ሦስት ጓደኛሞች ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን አንዱ «ካርድ ከሞላሁ አሥራ አምስት ቀን ሳይሆነው አለቀብኝ» አለ። ተጠርጣሪዎቹ በየተራ ተጠሩ። ፍሪጁ። ቴሌቪዥኑ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚያድረው ስልክ። ቦይለሩን የጠራው ግን የለም። ባኞ ቤት ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ ትንሿን ቀይ መብራቱን አብርቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚበላ ማንም ትዝ አይለውም።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው፤ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ጣሊያን ተሠራ ቻይና ተሠራ ከዚህ የሚያመልጥ ቦይለር የለም። ባለ 50 ሊትር ቦይለር እንውሰድ። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 18 ዲግሪ ነው እንበል፣ ቦይለሩ 60 ድረስ ያሞቀዋል። ልዩነቱ 42 ዲግሪ ነው። 50 በ42፣ ከዚያ በ1.16 ስታባዙት 2,400 ዋት ሰዓት ያህል፣ ማለትም 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል።

ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ባለ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ የሚይዘው 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቻርጀሩ የሚያባክነውን ጨምረን 25 እንበለው። አንድ ጊዜ ቦይለር ማሞቅ እንግዲህ ስልክን ከዜሮ እስከ መቶ፣ መቶ ጊዜ ያህል ቻርጅ ማድረግ ነው። በቀን አንዴ ለሚሞላ ሰው የሦስት ወር ቻርጅ! ያ 50 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ 95 ሊትር አካባቢ ለብ ያለ ውሃ ይሆናል፤ አንድ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሻወር ውስጥ አሥር ደቂቃ ቢቆይ አለቀ። «ቻርጀሩን ንቀል፣ መብራት ይቆጥራል» እያለ ወንድሙን የሚጨቀጭቅ ታላቅ ወንድም ይህችን ቁጥር ቢያይልኝ ደስ ይለኛል።

በነገራችን ላይ፣ በባልዲና በጆግ መታጠብ እንደ ድህነት ምልክት መቆጠሩ ይገርመኛል። 20 ሊትር ውሃ 40 ዲግሪ ለማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ የሻወሩ አንድ አምስተኛ ነው። እናቶቻችን ኪሎዋት ሳይቆጥሩ ደርሰውበታል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ለመታጠብ ያሞቅነው ውሃስ ይሁን፣ ታጥበንበታል። እኔን የሚቆጨኝ ማንም ሳይታጠብበት የሚበላው ነው። አንድ ማታ የቤቴን ብሬከሮች የቦይለሩን ብቻ አስቀርቼ አጠፋኋቸው (ፍሪጁ ውስጥ ከግማሽ ሎሚ በቀር ምንም አልነበረም)። ቦይለሩ ሞቆ ቀይ መብራቱ ሲጠፋ ቆጣሪውን ፎቶ አነሳሁት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቧንቧ ሳይከፈት እንደገና አነሳሁት። 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሯል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ውሃው በቆርቆሮው በኩል ሙቀቱን ለባኞ ቤቱ አየር እየለቀቀ፣ ቦይለሩ በየመሀሉ እየተነሳ መልሶ ሲያሞቀው ማደሩ ነው። በቀን ስናሰላው 1.2 ይደርሳል፣ በወር 36። እኔ ቤት የሆነው ይሄ ነው፤ የናንተ እንደ ቦይለሩ ዕድሜና እንደ ውስጡ ስፖንጅ ውፍረት ይለያያል። የዚህ መጠን ባለ መካከለኛ ጥራት ቦይለር በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ በከንቱ መልቀቁ ግን የተለመደ ነገር ነው።

36 ለምን አስጨነቀህ የሚለኝ ታሪፉን ይመልከት። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፦ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይሄዳል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ዝቅተኛው ደረጃ ጠቅላላው 50 ነው፤ ቦይለሬ ማንም ሳይነካው ከዚያ ውስጥ 36ቱን ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ታሪፉ ንቅንቅ ሳይል ስለቆየ ሰዉ ቦይለር ሰክቶ መርሳትን ለምዷል። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ልማዱ በድሮው ዋጋ የተለመደ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው በአዲሱ።

«ህዳሴ ግድብ ተመርቆ ምን የመብራት ቁጠባ ነው ደግሞ?» የሚል አይጠፋም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ከጉባ እስከ ባኞ ቤታችሁ ድረስ ብዙ መንገድ አለ። መጨረሻ ላይ የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፣ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባ ሽቦ አለ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ከሃያ ዓመት በፊት ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋ ገመድ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መቶ አባወራ መቶ ቦይለር ሲያበራ የሚጨነቀው ግድቡ አይደለም፣ ትራንስፎርመሩ ነው። አንዳንዱ ሰፈር መብራት የሚሄደው ልክ ሁሉም በሚፈልገው ሰዓት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ምን እንቀይር? ብዙ ወጣት ተከራይ መጀመሪያ የሚያስበው ሻወሩ ጫፍ ላይ የምትገጠመውን፣ ውሃ ሲፈስ ወዲያው የምታሞቀውን ነው። በዋጋ ረከስ ትላለች፣ ቦታ አትይዝም፣ ሌሊት የምታሞቀው ውሃ ስለሌለ ባክኖ የሚቀር ነገር የላትም። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ ጉልበቷ ነው። 5,500 ዋት የምትል አንዷ በ220 ቮልት 25 አምፒር ትስባለች። 1,500 ዋቱ ቦይለር 7 አይሞላም፤ የእንጀራ ምጣድ እንኳ 16 አካባቢ ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ 25 አምፒር መጫን ግድግዳው ውስጥ ሌላ ምጣድ መጣድ ነው። ለዚያ 6 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ መሬት የገባ ኧርዝ፣ እና በ30 ሚሊአምፒር ሾልኮት የሚዘጋ መከላከያ ብሬከር ያስፈልጋል።

አንድ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ስለዚህ ሲያወራኝ ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድሜ፣ ሰው ምን ይለኛል መሰለህ? ሻወሩን ስነካው ትንሽ ነዘር ያደርገኛል፣ ግን ለምጄዋለሁ ይለኛል። ነዘር ይለመዳል? እርጥብ እግር፣ እርጥብ እጅ፣ ኧርዝ የሌለው ቤት፤ እኔ እንደዚህ ያለ ቤት ስገባ መጀመሪያ ብሬከሩን ነው የማጠፋው፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። ባልዲ ውስጥ ለሚነከረው ጠምዛዛ የውሃ ማፍያም ይኸው ነው የሚሠራው፤ ሳይነቅሉ ውሃው ሞቆ እንደሆነ በጣት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አታድርጉት። ነቅሎ መሞከር ሁለት ሰከንድ ነው።

እኔ ልቤ ያለው ጣሪያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ብርዳም ከተማ ብትሆንም ፀሐይዋ ጉልበተኛ ናት። የኢትዮጵያን አማካይ ብንወስድ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ሁለት ካሬ ሜትር የሚሆን የሶላር ውሃ ማሞቂያ ከዚያ ግማሹን እንኳ ቢይዝ 150 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 46 ዲግሪ ያደርሳል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሶላር ፓኔል ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ስላጋጠመኝ ነው። የውሃ ማሞቂያው ሞተር የለውም፣ ባትሪ የለውም። ከታች ጥቁሩ ሰሌዳ ወይም የመስታወት ቱቦዎቹ ውስጥ የሞቀው ውሃ ቀለል ስለሚል በራሱ ወደ ላይኛው በርሜል ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ ይወርዳል፣ እንዲህ ሲዞር ይውላል። በርሜሉ ደግሞ እንደ ፔርሙስ ነው፤ የቀኑን ሙቀት እስከ ማግሥቱ ጠዋት ይይዛል።

ኮተቤ አካባቢ ጣሪያቸው ላይ ሶላር ያላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ቁጥር አልጠየቅኳቸውም፣ እንዴት እንደሚኖሩበት ነው የጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እሱ እንደ ላም ነው፣ ሰዓቱን ማወቅ አለብህ» አሉኝ። «ልጆቹን ማታ አጥባቸዋለሁ፣ ልብስ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት የሚታጠብ ሰው ካለ ማታ ይቆጥብ። ሐምሌና ነሐሴ መብራቱን እሰካለሁ፣ ምን ላድርግ ፀሐይ ከሌለች። ከደመራ በኋላ ግን እስከ ሰኔ አልነካውም።» ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ይሄን ነው፦ ክረምት አለ። ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ መጠባበቂያ ሬዚስታንስ የሌለው ሶላር አዲስ አበባ ላይ አይገዛም። የሚገርመው ቆዳ የሚሰነጥቀው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ለሶላር ችግር አይደለም፤ ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ ቀኑ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ሌላው ነገር ውሃ በፈረቃ መሆኑ ነው። ቱቦዎቹ ውሃ ጠፍቶባቸው በባዶ ፀሐይ ላይ ሲግሉ ውለው፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ «ውሃ መጣ!» ሲባል ቀዝቃዛው በአንዴ ከገባባቸው መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። መድኃኒቱ ከሶላሩ በላይ የተቀመጠ ሮቶ ነው፤ እሱ ካለ ቱቦው ባዶ አይሆንም። ሮቶ ማስቀመጫ የሌለው ሰው የሶላሩን ብር ከማውጣቱ በፊት እሱን ያስብበት።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይሄን ሁሉ ሲያነቡ ሳይስቁ አይቀሩም። እዚያ «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉት የጣሪያ ማሞቂያ የማያውቅ ልጅ የለም። አገሪቱ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ሁሉ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ አስገደደች። ዛሬ አብዛኛው ቤት አለው። ክረምታቸው ደመናማ ሲሆን የመብራቱን ማብሪያ ይጠቀማሉ፣ «ዱዱን አጥፍተሃል?» የሚለው ጭቅጭቅም ከዚያ ይመጣል። ከዚህ የምወስደው ነገር ፀሐያቸውን አይደለም፤ እኛም አለን። የምወስደው ሰዓቱን ነው። ሕጉ የያዘው ሕንፃው ገና ሲሠራ ነው፣ ቧንቧው ከጣሪያ እስከ እያንዳንዱ ባኞ ቤት ግድግዳው ሳይለሰን ይዘረጋል። ተለስኖ፣ ሴራሚክ ተለጥፎ፣ ሰው ገብቶ ካበቃ በኋላ ማሽሎክሎክ ሦስት እጥፍ ድካም ነው። እኛ ጋ በየቀኑ አፓርታማ ይወጣል፤ ስንቱ ላይ ወደ ጣሪያ የሚሄድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ እንደተተወ ቤት ለመግዛት የምትዞሩ ሰዎች ጠይቁልኝ።

ሂት ፓምፕ የሚባለውም አለ። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት ወስዶ በጀርባው እንደሚለቅ ሁሉ፣ ይሄ ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ያስገባል፤ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የሦስት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ለአዲስ አበባ አየር የሚስማማ ነገር ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነና ጠጋኙም እንደ ልብ ስለማይገኝ ለጊዜው ለሆቴልና ለትልቅ ቤት ብተወው ይሻላል።

አሁን «እኔ ተከራይ ነኝ፣ ጣሪያ የለኝም» የምትሉት ናችሁ ብዙዎቹ፣ እኔም ለናንተ ነው ይሄን የጻፍኩት። ያላችሁን ቦይለር ሳትቀይሩ ብዙ ማድረግ ይቻላል። አንደኛው ሥራ ማጥፋት ነው። «አጥፍቶ ማብራት የበለጠ ይቆጥራል» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። የሞቀ ነገር ከቀዝቃዛ አየር ጋር ሲቆይ ሙቀት ያጣል፣ በሞቀ ቁጥር ይብሳል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን የሚያጣው ነገር ያልቅበታል። ጠዋት የሚጠጣ ሻይ ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ የሚያሳድር ሰው አይታችኋል? 1,500 ዋቱ ቦይለር ውሃውን ከቀዝቃዛ ወደ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ተነስቶ ማብራት ለሚከብደው ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ፣ ታይመር የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት ይገዛል፤ ብቻ ለቦይለሩ አምፒር የሚበቃ መሆኑን ጽሑፉ ላይ እዩት፣ የሚያስገባላችሁም ባለሙያ ይሁን።

ሁለተኛው ሙቀቱን መቀነስ ነው። ብዙ ቦይለር ከታች መዘውር አለው፣ ብዙ ጊዜ ጫፍ ድረስ ተጠምዝዞ 75 ላይ ነው የሚገኘው። ያን ሁሉ አሙቀን በቀዝቃዛ እናበርደዋለን። 60 ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎ ለሳምንታት መተው ደግሞ አይመከርም፣ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ውስጥ የሳንባ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል። የሻወሩን ጫፍ ውሃ በሚቆጥበው መቀየርም ትንሽ ብር ነው፤ ውሃው ግማሽ ከሆነ ማሞቂያውም ግማሽ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ደግሞ ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚያዩት ነጭ ቅርፊት ቦይለሩ ሬዚስታንስ ላይም እንዳለ ይወቁ፤ ከፍቶ ማስጠረግ ሬዚስታንሱን ከመቃጠል ያድነዋል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ከቦይለሩ ሥር ካለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል «ያፈሳል» ብሎ የሚደፍን ሰው አለ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ያቺ ቫልቭ ትርፉን የምታስወጣበት በር ናት። ከደፈናችኋት ግፊቱ የሚሄድበት ያጣል፣ በርሜሉም ሊፈነዳ ይችላል። ስር ትንሽ ላስቲክ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት፣ በቃ። ሳይሞቅም ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ባለሙያ ጥሩ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ወደ ፖለቲካ ይገባል። እኔ በተከራየሁበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ያሉ አንድ አባት ሶላር ለማስገባት ኮሚቴውን ጠየቁ። ስብሰባው ላይ እንደ ተከራይ ድምፅ ባይኖረኝም ተቀምጬ ሰማሁ። አንዷ እናት «ጣሪያው የጋራ ነው፣ ዛሬ እርስዎ አንድ ካደረጉ ነገ ሃያ አራት አባወራ ሃያ አራት በርሜል ሊሰቅል ነው?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 150 ሊትር የያዘ ሶላር ከነብረቱ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከሥር ያለው ብረት ወይም እንጨት ላይ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ደግሞ ሐምሌ ላይ የሚፈሰው ከሥር ያለው ቤት ነው። ሌላው ሰው «በየቤቱ ከምንሰቅል በጋራ ትልቅ እናስገባና በየቤቱ የሙቅ ውሃ ቆጣሪ ይሁን» አለ። አባትየው «እኔ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው፣ እናንተ ተስማምታችሁ እስክትጨርሱ በብርድ ልታጠብ?» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ መጀመሪያ ጣሪያው ምን ያህል እንደሚሸከም ባለሙያ ይየው ተብሎ ለእሁድ ሳምንት ተቀጠረ። ባለሙያው ቅዳሜ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያወጣ መሰላል ያለው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።